ከፓሪስ እስክትመለስ

ገብረ ሥላሴ በማለዳ ደጃፍ ላይ ከታየ የዳላስ ሐበሻ ልቡ ይሸበራል። ሰውዬው ምንም ክፋት የለበትም። ግራንድ ፕሬሪ ካለ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የግቢውን ሣር ያጭዳል፣ ጨዋታ ከያዘም ጥርስ አያስከድንም። ግን መርዶ ነጋሪ ነው። ማንም አልሾመውም። አንድ ጊዜ እምቢ ማለት አፍሮ ሄደ፣ ሌላ ጊዜም ተጠራ፣ ከዚያ ወዲያ ከሜስኪት እስከ ሌዊስቪል አገር ቤት ሰው የሞተበት ቤተሰብ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ሆነ። ሚስቱ ይህን ሥራውን አትወድለትም፤ ገበያ ላይ የምታገኘው ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ፊቷን ይመረምራል።

ሕጉ ጥብቅ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ለሥራ ሳይወጣ፣ ደግፈው የሚይዙት ሰዎች ተሰብስበው ነው የሚነገረው። አሜሪካ የጨመረችበትም አለ፦ መጀመሪያ የመኪናው ቁልፍ ቀስ ተብሎ ይደበቃል፣ ለአለቃውም አስቀድሞ ይደወላል። "መርዶ እንደ ፓኬጅ በር ላይ ተጥሎ አይኬድም" ይላል ገብረ ሥላሴ፣ ቀኑን ሙሉ ፓኬጅ ሲያነሳ የሚውል ሰው ነውና።

ማክሰኞ ጠዋት ነጋ የሚባል የሜስኪት ሰው ደወለለት። የሚስቱ የልዩ እናት፣ እማማ እታለማሁ፣ ደሴ ላይ አርፈዋል፤ ቀብሩም ተፈጽሟል።

"ልዩስ? ሰማች?" አለ ገብረ ሥላሴ።

"ኧረ ፓሪስ ናት፣ ጋሼ። ከሔራን ጋር እሁድ ሄደው የለ እንዴ? የሚመጣው እሁድ ነው የሚመለሱት።"

ገብረ ሥላሴ ግንባሩን ያዘ። ልዩን እንደ ልጁ ነው የሚያያት። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ጀምሮ ለራሷ ብላ አንድም ቀን ተዝናንታ አታውቅም። አውሮፕላን ከተሳፈረች ወደ ደሴ ነው፤ ያውም ሻንጣዋ የሰው አደራ ታጭቆበት፣ የራሷን ቅያሪ በእጇ ይዛ። ልጇ ሔራን ዘንድሮ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ "ማሚ፣ አንዴ እንኳን እንደ ቱሪስት ሂጂ" ብላ እየጎተተች ወሰደቻት። ደግሞም በመርዶው ማለዳ ከገብረ ሥላሴ ጀርባ የምትቆመው፣ ሴቶቹን ከመሬት የምታነሳው፣ ፊታቸውን በውሃ የምታብሰው ይህችው ልዩ ናት።

"ሶ፣ ለሔራን ልንገራት?" አለ ነጋ።

"እንዳታደርገው። ልጅቷ እዚህ ያደገች ናት፤ ፊቷ አይደብቅላትም። እሁድ ይመለሱ፣ ይደሩ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን። በሰው አገር፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ በስልክ አይሆንም።"

ከዚያ ስልክ መምታት ጀመረ። ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለማኅበሩ ሁሉ፦ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር የሚል እንዳይኖር። ደሴ ድረስ ደውሎ የአጎት ልጆችን ለመነ። ሁሉም እሺ አለው። አንድ እንኳ አፉ ያመለጠው ሰው አልነበረም፤ ይህ ለእኛ ሕዝብ ቀላል ነገር አይደለም።

ልዩ ግን ፎቶዋን ትለጥፋለች። ረቡዕ ቀይ ካፖርት ለብሳ ከኤፌል ማማ ሥር። ረቡዕ ማታ የፊቷን ግማሽ የሚያህል ክሯሳን ስትገምጥ። ሐሙስ ጠዋት አንድ የድንጋይ ድልድይ ተደግፋ፣ ፀጉሯን ነፋስ በትኖት፣ እየሳቀች። ገብረ ሥላሴ ፎርክሊፍቱን እያቆመ፣ መታጠቢያ ቤት እየገባ፣ በየሰዓቱ ያያል። እናቷ አፈር ለብሰው እሷ ስትስቅ ባያት ቁጥር ስልኩን ቶሎ ኪሱ ይከታል። የሚፈራው ደግሞ ከሥሩ የሚጻፈውን ነው፤ አንድ ቂል "አይዞሽ" ያለ እንደሆነ ነገሩ አለቀ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነጋ እንደገና ደወለ።

"ጋሼ፣ ልዩ ጠየቀችኝ። 'ፎቶዬን ማንም ላይክ አያደርገውም፣ ተጣሉኝ እንዴ?' አለችኝ። እኔ ውሸት አልችልም፤ ኦቨርታይም ገባሁ ብዬ ዘጋሁባት።"

ገብረ ሥላሴ ይሄንን አላሰበውም ነበር። ከፍቶ አየ፤ እውነት ነው። እሁድ ከዲ ኤፍ ደብሊው አየር ማረፊያ የለጠፈችውን አገር ምድሩ በልብና በአበባ አጥለቅልቆታል። ከማክሰኞ ወዲህ ግን የሔራን ጓደኞች ብቻ ናቸው። የማልቀሻዋ ቀን በደረሰባት ሴት ሳቅ ላይ ማን እጁን ይጭናል? ለሌዊስቪሏ ዙሌይካ፣ ለልዩ የልብ ጓደኛ፣ ደውሎ ሲጠይቃት "ጋሼ፣ ሞክሬ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ" አለችው።

"እንግዲህ እጅሽን እሺ አሰኚው። አሁኑኑ። ለሌሎቹም ንገሪ።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የምሳ ብሬክ ሳይደርስ የዳላስ ሐበሻ በሙሉ ፓሪስ ላይ ዘመተ። ልብ በልብ ላይ፣ "አምሮብሻል"፣ "ዋው"፣ "የኛ ፈረንሳይ"። ገብረ ሥላሴም መነጽሩን አድርጎ የድልድዩን ፎቶ ከፈተና አውራ ጣቱን ጫነ። ፌስቡክን የከፈተው የሞተ ሰው ዜና ለማየት እንጂ የማንንም ፎቶ ሊያደንቅ አልነበረም፤ የልብ ምልክቷ ቀይ ስትሆን አይቶ ራሱ ተገረመ።

ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ ጮኸ። ልዩ ናት። ከምግብ ክፍሉ ወጥቶ ተሳቢ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ግቢ ገባ።

"ጋሼ፣ ደህና ዋሉ?"

"ደህና ነኝ ልጄ። ፓሪስ እንዴት ነው?"

"ያምራል። የወንዙ ጀልባ ላይ ነን።" ከጀርባዋ በድምፅ ማጉያ ፈረንሳይኛ የሚያወራ አስጎብኚ ይሰማል፣ የሰው ሳቅም። "ጋሼ፣ እርስዎ ላይክ አደረጉኝ።"

"አዎ። አምሮብሽ አየሁና።"

"ሁሉም ባንዴ ላይክ አደረገኝ። ሲዘጉኝ ሰንብተው፣ ባንድ ሰዓት ውስጥ። ማለቴ፣ እርስዎ ደግሞ ይህን ነገር አድርገው አያውቁም።" ድምፅዋ ቀጠነ። "ስንት በር አብሬዎት አንኳኩቻለሁ፣ ጋሼ። ሰው ለማን ድምፁን እንደሚያጠፋ አውቃለሁ። እናቴ ናት?"

"ኧረ ደህና ናቸው" የሚለው ቃል አፉ ላይ ነበር። እስከ እሁድ ሊያቆያት ይችላል። ግን አታምነውም፤ ሆቴል አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ማንም ሳይይዛት፣ ከጥርጣሬዋ ጋር ብቻዋን ትከርማለች። እሱ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሕጉን የጠበቀው ሰው በሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን ብሎ ነው።

"ማን አለ አጠገብሽ?" አላት።

ከአፉ እንደወጣ አወቀው። ይህን ጥያቄ ለምን እንደሚጠይቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ሔራን አለች" አለች ልዩ በቀስታ። "ፎቶ እያነሳች ናት።"

"ጥሪያትና እጇን ያዢ።"

ልጇን ስትጠራ ተሰማው። "ያዝኳት።"

"እማማ እታለማሁ ማክሰኞ አርፈዋል፣ ልጄ። ተኝተው ነው፣ አልተሰቃዩም። በወግ በማዕረግ ተቀብረዋል።"

ጩኸቱን ጠበቀ። ሁልጊዜ ይመጣል፤ ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ ተዘጋጀለት። የመጣው ግን የጀልባው ሞተርና የአስጎብኚው ቀልድ ነው። ሰዎቹ እንደገና ሳቁ።

"ልዩ? ልጄ?"

"አለሁ" አለች በሹክሹክታ። "ጋሼ፣ እዚህ መጮህ አልችልም። ሰው ሞልቷል፣ መውረጃም የለም። ሁሉም ይስቃል። ሔራን ታየኛለች፣ ትደነግጥብኛለች። አፌን በእጄ ይዤዋለሁ።"

ገብረ ሥላሴ ለቀስተኛ ፊት አልቅሶ አያውቅም። ነጋሪው ካለቀሰ ማን ማንን ይይዛል ባይ ነው። አሁን ግን በመላ ቴክሳስ ውስጥ እንደ እሱ ከንቱ የሆነ ሰው የለም፤ ልጅቷ ከባሕር ማዶ አፏን አፍና ቆማለች፣ እሱ የሚዘረጋው ክንድ አይደርስላትም። ቢጫ የሥራ ሰደርያውን አወለቀና መሬት ላይ ጣለው። ስልኩን አፉ ላይ ለጠፈ።

"ወይኔ እታለማሁ! ወይኔ እናቴ!"

በዓይኑ አይቷቸው ለማያውቃቸው ሴት፣ በሁለት ተሳቢ መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ ደረቱን መታ። አንድ ሾፌር የመኪናውን በር ከፍቶ ቁልቁል አየው። ሱፐርቫይዘሩ ከውስጥ ሮጦ ወጣና ምን ሆንክ እያለ ጠየቀው። ገብረ ሥላሴ አልመለሰለትም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስማቸውን እየጠራ፣ ማልቀስ የማትችለውን ልጃቸውን እየተካ ቀጠለ። እንደዚያ ብዙ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ነው ከወንዙ ላይ፣ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ የልዩ ድምፅ የወጣው።