የመርዶ ነጋሪው የደም ውጤት

ደባርቅ ላይ መርዶ ሲመጣ ላቀው ይጠራል። እሱ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ መርዶ ማርዳቱን ማንም አልሾመውም፣ እያደር ግን የእሱ ሥራ ሆነ። ጎህ ሲቀድ፣ ባለሐዘኑ ከቤት ሳይወጣ፣ ጎረቤቱን አስከትሎ ይገባል። ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ያወራል። ከዚያ «ወንድምህን ትንሽ አሞታል ይላሉ» ይላል። ጥቂት ቆይቶ «ጠንከር ብሎበታል መሰለኝ» ይላል። ወንድሙ ግን ይኼኔ ጃናሞራ ከተቀበረ ሰንብቷል። ሰው በአንድ ጊዜ ተመትቶ እንዳይሰበር ነገሩን ቆራርሶ የሚያጎርሰው እንደ ላቀው ያለ የለም፤ በዚህም በልቡ ኩራት ቢጤ አለው፣ ምን ይደበቃል።

አምና ሽንቱ አልወርድ ብሎ ሲያስቸግረው ጎንደር ሄደ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባለና እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ሐኪሟ ዶክተር ስጦታ ወደ ቤቱ ስትሸኘው እንዲህ ብላው ነበር፦ «ከእንግዲህ በየሦስት ወሩ ደም እየሰጡ ክትትል ያደርጋሉ። ከፕሮስቴት እጢ የሚመነጨውን ፒ ኤስ ኤ የሚባለውን እንለካለን። እጢው ስለወጣ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይገባል። ከፍ ካለ ቶሎ እንድናውቀው ነው።»

መጀመሪያ የሰጠው ደም ደህና ነበር፣ ቀጥሎ የሰጠውም። ታዲያ ቀጠሮ በቀረበ ቁጥር ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። እንጀራው አይጥመው፣ እንቅልፍ አይወስደው፣ ደንበኛ ላይ ይጮሃል። ሚስቱ ስመኝ ቀን መቁጠር አያስፈልጋትም፤ በጩኸቱ ታውቀዋለች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ዶክተር ስጦታ ወረቀቱን አየችና «ይቀመጡ አቶ ላቀው» አለችው። ቀጥላ «የደባርቅ ብርድ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ውጤቱ ትንሽ ከፍ ብሏል» አለች። «በአንድ ውጤት ግን ምንም ማለት አይቻልም። ደግመን እንየው። ያኔ ባለቤትዎን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው።»

መጀመሪያ ስለ ብርዱ። ቀጥሎ «ትንሽ»። ከዚያ ዘመድ ይሰብሰብ። ላቀው የገዛ ሙያውን በሰው አፍ ሰማው። አለቀልኝ አለ። ዳባት እስኪደርስ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ተራራውን ሲያይ፣ የሚሰናበተው እንጂ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አይመስልም ነበር።

ስመኝን «ደህና ነው» አላት። በማግስቱ የንስሐ አባቱን አስጠራ። በቅሎውን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ። ስመኝ ይህን ሁሉ ታግሣ አየች፤ ለዘር የሚሆን ነጭ ሽንኩርት ሳይገዛ ገበያው ሲያልፍ ግን አልቻለችም።

«ምን አሉህ ጎንደር?»

«ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ደግመን እናያለን ነው ያለችኝ። አልሄድም። ለማርዳት ነው የምትጠራኝ።»

«ትንሽ ካለች ትንሽ ነዋ!»

«አንቺ ሴት፣ ሥራዬን አታውቂውም?»

«አሳምሬ አውቀዋለሁ። አባቴን ደረስጌ ቀብራችሁ ስታበቁ ትንሽ አሞታል አልኸኝ። እኔ ላስታምመው ስንቅ ስቋጥር ነበር። የቋጠርሁት ስንቅ ላይ ተደፍቼ ነው ያለቀስሁት። ደግ የሠራህ እየመሰለህ።»

ላቀው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይህን ስትናገር ገና መስማቱ ነበር፣ አመመው። ሊቀጣት የፈለገ ይመስል «እሺ፣ እሄዳለሁ» አላት።

ደሙን ሄዶ ሰጠ። ውጤቱን ለመስማት በሚሄዱበት ሳምንት ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። ከዛሬ ነገ ይከፈታል እየተባለ ላቀው እየመነመነ ሄደ። ሲከፈትም አውቶቡሱ ዳባት ላይ ረጅም ሰዓት ቆመ። ስመኝ አጠገቡ ተቀምጣለች። እሱ ግን ስለ ብርዱ ለማውራት ድፍረቱን አጣ።

ሐኪም ቤቱ ሲደርሱ «ብቻዬን ልግባ» አላትና አግዳሚው ላይ ትቷት ገባ። ዶክተር ስጦታ ገና «እንዴት ሰነበቱ» ስትል አቋረጣት።

«ልጄ፣ ቆራርሰሽ አታጉርሺኝ። እኔም ሥራዬ ይኸው ነው። አልቆልኛል ወይ?»

ግር አላት። «ምኑ? እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩዎት። ትንሽ ያልኩት ትንሽ ስለሆነ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ጨምሯል።» ዓይኗን አላሸሸችም። «ተከታትሎ ጨምሮ እዚህ ሲደርስ በሽታው ተመልሷል እንላለን። ያገኘነው ግን ገና ከጅምሩ ነው። የት እንዳለ የሚያሳይ ምርመራ እናደርጋለን፤ ከዚያ የጨረር ሕክምና አለ፣ መርፌም አለ። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ዓመታት ይኖራል። እንደሚድኑ ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

ላቀው ጠበቀ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ዋናውን ጠበቀ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። የደበቅሁትም የለም።»

ፈራ። ነገር ግን ያን ሁሉ ሳምንት የተሸከመው የገዛ ሬሳው ከትከሻው ወረደለት። እንደ ሰው ሊታመም ነው እንጂ ገና አልሞተም።

ወጣ። ስመኝ ከአግዳሚው ተነሥታ ፊቱን ፊቱን አየችው። ለእንዲህ ያለው ሰዓት ስንት መግቢያ ያውቅ ነበር፤ አንዱንም አልጀመረም።

«ተመልሷል» አላት፣ አጠገቧ እንኳ ሳይደርስ። «ገና ጅምሩ ነው። ሕክምና አለው። እድናለሁ አላለችኝም፣ ትሞታለህም አላለችኝም። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።»

ስመኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ያስቀረባት ነገር ካለ ፊቱ ላይ ፈለገች። አላገኘችም።

«ሕክምናው መቼ ይጀመራል?» አለችው።