እህቴ ለማታውቀው እስረኛ ያቀበለችው ስንቅ

እኔ ፊደል ብዙም የለኝ፤ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ታላቅ እህቴ አርፋ አርባዋ ወጣ። ሰው ሁሉ ደግ ነበረች ይላል። እኔ ግን ግትር ነበረች እላለሁ።

በረብሻ መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ሮቤ ውስጥ ብዙ ልጆች ታሰሩ። አንዱ ከጊኒር የመጣ ነው፤ ዘመዶቹ ማለፍ ስላልቻሉ ስንቅ የሚያቀብለው አልነበረም። እህቴ ይህን ስትሰማ ሽሮ ሠርታ ተነሣች። ብቻዋን አትሄድም ብዬ ተከተልኳት። ስንቅ ያቀበለ ሁሉ ስሙ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ የተፈተሸም ነበር።

እስር ቤቱ በር ላይ ጠባቂው፣ «እማማ፣ ልጁ ምንዎ ነው?» አላት።

«ጠያቂ የለውም አሉ። እኔ ልጠይቀው መጣሁ።»

«ስምዎ ይጻፋል።»

«አሳምረህ ጻፈው።»

ከጻፈ በኋላ፣ እንደ ደንቡ፣ ምግቡን ፊቱ እንድትቀምስ አዘዛት። ካልቀመሰች ስንቁ አይገባም። ዐቢይ ጾም ነው፣ ገና ረፋድ ነው። እህቴ ታማ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ አትቀምስም። ምን ታደርግ ይሆን ብዬ ዐይን ዐይኗን አየኋት። አማተበችና ጎረሰች።

ስንመለስ፣ «ጾምሽን ለማታውቂው ልጅ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«እሱ ከትናንት ጀምሮ አልበላም እኮ። ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራለሁ፤ አንተ ዝም በል።»

ባለፈው ሳምንት እንደገና ጠያቂ የሌለው ሰው ታሰረ። ሽሮ አሠርቼ፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሬ እስከ በሩ ደረስኩ። ጠባቂው መዝገቡን ሲገልጥ፣ «ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ። እሷ ብትኖር ኖሮ በዚያ ቀን አንድ ሰው በልቶ ያድር ነበር።