ደግመው ቢጠይቁኝ ኖሮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ፣ አትላንታ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። ለሰው ሳወራው እንዲያውም ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ግንቦት መጥቶ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር የያዝኩትን ትቼ መስኮት ላይ እቆማለሁ። በአንዲት "አይ፣ ይቅርብኝ" ያመለጠኝ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ያን ጊዜ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ከአስቴር ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። አስቴር ከእኔ አራት ዓመት ቀድማ የመጣች፣ የአገሩን ነገር ጠንቅቃ የምታውቅ ልጅ ናት። እኔ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ አጥፍ ነበር። የሆቴል አንሶላ ትልቅ ስለሆነ ለብቻ አይታጠፍም። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ይዛ ወጠር ታደርገዋለች፤ ከዚያ አንዷ ወደ ሌላዋ እየተራመደች ታጥፋለች። በወዲያኛው ጫፍ ሁልጊዜ የማገኛቸው ሚስ ሎሬይንን ነበር።

ሚስ ሎሬይን ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ የተቆረጡ፣ የዚያው የጆርጂያ ግዛት ተወላጅ ሴት ነበሩ። እዚያ አገር ትልቅ ሴትን "ሚስ" ብሎ በስሟ መጥራት ወግ ነው። እኔ በልቤ "እትዬ" ነበር የምላቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ሕንፃውን ሲያናውጠው ሠራተኛው ሁሉ ከበሩ ሸሸ። እኔ ወደ በሩ ሄድኩ። ዞር ስል ሚስ ሎሬይንም አጠገቤ ቆመዋል።

"ትወጂዋለሽ እንዴ?" አሉኝ።

እወደዋለሁ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ነጎድጓድ ሲጀምር እናቴ በሩን ዘግታ፣ ቀይ ሹራቤን አስወልቃ አልጋ ሥር ትከተኝ ነበር። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ይባላላ! እኔ ግን እሷ ዞር ስትል ሾልኬ ወጥቼ በበሩ ስንጥቅ ሰማዩን አያለሁ። በስንጥቅ ያየሁትን ያንን ሰማይ አንድ ቀን ሙሉውን ማየት ያምረኝ ነበር። ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው።

ሚስ ሎሬይን ሳቅ አሉና ምስጢራቸውን አወጡ። ሌላው ሰው በእረፍት ቀኑ ዓሣ ያጠምዳል፤ እሳቸው አውሎ ነፋስ ያሳድዳሉ። ተሳስቼ አይደለም፤ ቶርኔዶ የሚሉት ጠምዝማዛ ነፋስ ሲመጣ የሚሸሹ ሳይሆን የሚከተሉ ሰው ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በአሮጌ ረጅም መኪናቸው፣ በሬዲዮና በካርታ ብቻ ደመና ለደመና ሲዞሩ ኖረዋል።

"ቅዳሜ በጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ደህና ጫማ አድርጊ" አሉኝ። ልብ በሉ፣ አልጠየቁኝም፤ አዘዙኝ። ሲያዙኝ ቀላል ነው፣ እሺ ብዬ ሄድኩ።

አስቴር ሰምታ ጭንቅላቷን ያዘች። "አንቺ! ሰው ከመብረቅ ይሸሻል፤ አንቺ አድራሻውን ትጠይቂያለሽ? አብደሻል እንዴ?"

ለነገሩ ብታዩት ብዙም የሚያስፈራ አልነበረም። ማሳደድ የሚባለው ነገር ከአሥር ዘጠኙ መጠበቅ ነው። ማለዳ ተነስቶ ሬዲዮ መስማት፣ ሦስት አራት ሰዓት መንዳት፣ ነዳጅ ማደያ ፓርክ አድርጎ ደመናው ላይ ማፍጠጥ፣ ከዚያ ደመናው ተበትኖ ፀሐይ ስትወጣ እያዛጉ መመለስ። የእኔ ሥራ ካርታውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ "ቀጥሎ በስተግራ መንገድ አለ" ማለት ነበር። ወቅቱ ሁዳዴ ስለሆነ ከነዳጅ ማደያው የምበላው አልነበረኝም፤ ዳቦ ቆሎ ይዤ እሄዳለሁ። ሚስ ሎሬይን መጀመሪያ "ጥርሴን ልትሰብሪው ነው" አሉ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ከረጢቱን ከእጄ ይቀሙኝ ጀመር።

ታዲያ ምኑ ነው የሚወደደው? ትሉኝ ይሆናል። ዝናቡ ሊመጣ ሲል አየሩ ጭጭ የሚልበት ሰዓት አለ። ወፉ ዝም፣ ቅጠሉ ዝም። ሰማዩ የጎመን ውሃ ይመስላል። ከዚያ ከየት መጣ ሳይባል ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትሽን ይመታሻል፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ያን ጊዜ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወረቀት ጉዳይ፣ ስለ ሥራ አላስብም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፦ ያንን ከደመናው ወርዶ መሬት የሚነካውን ነገር ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ማየት።

ግን ዛፉ! የጆርጂያ ዛፍና ኮረብታ ምን ያሳያል? መንገዱ ግራና ቀኙ ጥድ ነው። ሰማዩን የምናየው በቁራጭ በቁራጭ ነበር፤ ከእናቴ በር ስንጥቅ ብዙም አይሻልም።

አንድ ቅዳሜ ወደ ምዕራብ ነድተን ጎረቤት ግዛት አላባማ ገባን። ዝናቡ እንደ መጋረጃ ወረደብን፣ በረዶው የመኪናውን የፊት መስታወት ሰነጠቀው። ሚስ ሎሬይን ዳር ይዘው አቆሙና "ጎንበስ በይ!" ብለው ራሴን ወደ ታች ተጫኑት። ከጥዱ በስተጀርባ የሆነ ነገር እያጓራ አለፈ። መኪናው ተወዛወዘ። እኔ "እመቤቴ ድረሽልኝ" እያልኩ፣ ግን ደግሞ አንገቴን ቀና ለማድረግ እታገል ነበር። ቀና ስል ዝናብና ዛፍ ብቻ።

ትንሽ ነዳ ስናደርግ ጥዶቹ ከወገባቸው ተቀንጥሰዋል። አንድ ቤት ጣሪያው የለም። ሚስ ሎሬይን ከመኪናው ኋላ ጓንትና መጋዝ አወጡ። "ቤት ከተመታ ማሳደዱ አበቃ" ይሉ ነበር፤ ሕጋቸው ነው። እስኪመሽ ድረስ ለአንዲት እናት ዕቃዋን ከፍርስራሽ ስናወጣላት ዋልን። ደግነቱ እሷም ልጆቿም ተርፈዋል። ማታ ወደ ቤት ተመለስን። ሰው ቤቱን ሲያጣ ያየሁ ነኝና አፍሬ ነበር፤ ቢሆንም አጠገቤ አልፎ አለማየቴ ያንገበግበኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

በሳምንቱ አንሶላ እያጠፍን ሳለ ሚስ ሎሬይን እንዲህ አሉኝ፦ "በግንቦት ሁለት ሳምንት እረፍት ወስጃለሁ። ኦክላሆማ ልሄድ ነው። ዛፍ የለም፣ ሜዳ ነው፤ ደመናውን ከሥሩ እስከ አናቱ ታይዋለሽ። መምጣት ትፈልጊያለሽ?"

ልቤ ዘለለች። እና አፌ ምን አለ? "አይ፣ አይ፣ ይቅርብኝ። እርስዎን ማስቸገር ነው። በደህና ይሂዱ።"

"ኦኬ" አሉ። የሚቀጥለውን አንሶላ አነሱ።

እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነው። እኛ እንዴት እንዳደግን ታውቁታላችሁ። ብይ ሲሉሽ "በልቼ ነው የመጣሁት"፣ ተቀመጪ ሲሉሽ "ልሄድ ነው" ትያለሽ። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያለች ልጅ ዓይን አውጣ ናት። ባለቤቱ ደግሞ "በሞቴ!" ይላል፣ ይለምናል፣ ከዚያ ነው እጅ የሚታጠበው። እኔም "በሞቴ" እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ሰኞ ጠበቅሁ፣ ማክሰኞ ጠበቅሁ። "ኦክላሆማ ሩቅ ነው?" ብዬ ነካ አደረግሁ። "ሩቅ ነው" ብለው አለፉት። እንዲያም ሆኖ ሱፐርቫይዘሩን ለዚያው ሁለት ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ጠይቄ አስፈቅጃለሁ!

አስቴር በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች። "እዚህ አገር የሚጠየቀው አንዴ ነው፤ ሂጂና ሐሳቤን ቀየርኩ በያት!"

"እንዴት ብዬ? ትልቅ ሰው ናቸው። ራሴን ልጋብዝ?"

"ይሉኝታሽን ይዘሽ ቁጭ በያ!"

ቁጭ አላልኩም፤ የባሰውን አደረግሁ። የሚሄዱበት ቅዳሜ ጠዋት በባስ ቤታቸው ሄድኩ። መንገደኛ ያለ ስንቅ አይሸኝምና ከረጢት ሙሉ ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ። ከዳቦ ቆሎው ሥር ደግሞ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ሹራብና የጥርስ ብሩሽ ደብቄአለሁ። ሲያዩኝ አንጀታቸው ይላወስና ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

ሚስ ሎሬይን መኪናቸውን ጭነው ጨርሰው ነበር። አቅፈው ሳሙኝ። ከላይ ያለውን ዳቦ ቆሎ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ደስታቸው! ከዚያ ዓይናቸው ከረጢቴ ላይ አረፈ፤ አሁንም እንደተወጠረ ነው። "አንቺም መንገድ ልትሄጂ ነው እንዴ?" አሉኝ።

በቃ፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። "አዎ፣ ከእርስዎ ጋር" ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ! እኔ ግን "አዎ፣ ጓደኛዬ ጋ ልሄድ ነው" አልኩ። ጉድ በሉ።

"እንግዲያው ግቢ፣ ባስ ስቶፑ ድረስ ላድርስሽ።"

እንደ ልማዴ ጋቢና ገባሁ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ካርታውን ጭኔ ላይ ጣሉልኝ። አዲስ ካርታ ነው፤ መንገዱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። ጣቴን መስመሩ ላይ አኖርኩት። ከቤታቸው እስከ ባስ ስቶፑ ሦስት የትራፊክ መብራት አለ። በመጀመሪያው መብራት ስንቆም "አሁን ይጠይቁኛል" አልኩ። በሁለተኛው ስንቆም "አሁን ራሴ እነግራቸዋለሁ" አልኩ፤ አፌን ከፈትኩም። ሦስተኛው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን።

ካርታውን አጥፌ ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩ። መኪናቸው ወደ ሀይዌዩ ታጥፎ እስኪጠፋ እያየሁ፣ የጥርስ ብሩሼን ታቅፌ ባስ ስቶፕ ላይ ቀረሁ። እዚያው እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በፀሐይ ተቃጥለው መጡና ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ፎቶ አኖሩልኝ። የስንዴ ሜዳ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰማይ፣ በመካከሉ ቀጭን ነጭ ገመድ የመሰለ ነገር ከደመናው ወርዶ መሬቱን ነክቷል። በጣቴ ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት።

"ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር" አሉኝ። "የዝናብ ካፖርት እንኳ ገዝቼልሽ ነበር፣ በልክሽ። አይ ስትዪኝ የአላባማው ቀን አስፈርቷት ይሆናል ብዬ ተውኩት። እናቴ ሰው አይ ካለ መወትወት ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ።"

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። "የእኔ እናት ደግሞ መጀመሪያ ሲጠይቁሽ እሺ አትበይ ብላ ነው ያሳደገችኝ" አልኩ። "እኔ ደግመው እንዲጠይቁኝ እየጠበቅሁ ነበር።"

ሚስ ሎሬይን ቀና ብለው አዩኝ። "ያን ጠዋት ከረጢቱ ውስጥ ምን ነበር?"

"የጥርስ ብሩሽ።"

አንሶላውን ለቀው አፋቸውን ያዙ። እየሳቁ እንባቸው ወረደ፤ እኔም እንደዚያው። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው "የዛሬ ዓመት ትሄጃለሽ። ጥያቄ አይደለም!" አሉኝ።

የዛሬ ዓመት ግን አልመጣልንም። በዚያ ክረምት የሚስ ሎሬይን ዓይን ደከመ፤ ሐኪሙ መንዳት ከለከላቸው። እኔ መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም። እሱን ለማውጣት ተሯሯጥኩ፣ ሁለቴ ወደቅሁ። ሦስተኛውን ሳልፈተን ፍሎሪዳ ያለችው እህታቸው መጥታ ወሰደቻቸው።

ልሰናበታቸው የሄድኩ ዕለት ቢጫውን የዝናብ ካፖርት ከነማሸጊያው አወጡ። "ትፈልጊው..." ሲሉ፣ ቃሉን ሳይጨርሱ "አዎ!" አልኩ። በሕይወቴ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያልኩት ያኔ ነው።

በየበዓሉ እንደዋወል ነበር፤ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ስልኩን የሚያነሳው ጠፋ። ዛሬ እዚያው አትላንታ አጠገብ ሊልበርን የራሴ ቤት፣ የራሴ መኪና አለኝ። ኦክላሆማ መሄድ አቅቶኝ አይደለም። ልጆቼም "ማሚ፣ ለምን አትሄጂም?" ይሉኛል። እኔ የናፈቀኝ ግን ሜዳው ብቻ አይደለም። ካርታውን ጭኔ ላይ የሚጥሉልኝ ሚስ ሎሬይን ናቸው የናፈቁኝ።

አሁን ሰው ሲጋብዘኝ ቃሉን ሳይጨርስ እሺ እላለሁ፤ የሰፈሩ ሰው "እሷ ደግሞ አታፍርም" ይለኛል፣ ይበል። ቢጫው ካፖርት ከመኝታ ቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል። በየግንቦቱ አቧራውን አራግፍለታለሁ። እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልነካውም።