መስኮቱ ሥር ያለው ሶኬት

ሰውዬው የመብራት ሠራተኛ ነው። ነበር ብንል ይሻላል፤ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የመሣሪያ ሣጥኑን አልጋ ሥር ከቶታል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ስንት ቤት መብራት እንዳስገባ እሱም አያውቀው። በገዛ ቤቱ ግን ሚስቱ መስኮቱ ሥር አንዲት ሶኬት እንዲያስገባላት ለምና ለምና፣ ሰልችቷት ከተወችው ቆይታለች። ጠዋት ስትጠይቀው ይቸኩላል፣ ማታ ስትጠይቀው ደክሞታል። ሰነፍ እንዳይባል፣ ለባዳ ሲሆን ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ሰው ነው። ለቤቱ ሲሆን ነው እግሩ የሚከብደው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት ማሽኗ ሳሎኑ ጥግ፣ ሶኬት ባለበት፣ ከፍሪጁ አጠገብ ተወትፏል። ጥጉ ጨለማ ነው። ስንትና ስንት የሙሽራ ቀሚስ የወጣው ግን ከዚያው ጨለማ ነው።

አንድ ረፋድ ሚስቱ ገበያ ሄዳ ሳለ ጎረቤታቸው፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ወጣት ሴት፣ ሜትር ይዛ መጥታ ማሽኑን ትለካ ጀመር።

«ምን ልትሠሪለት ነው?» አላት።

«በእኛ በር ይገባ እንደሆነ ብዬ ነው፣ ጋሼ። እትዬ ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂው ብለውኝ የለ? ሐኪሙ በዚህ ብርሃን ከሰፉ ዓይንዎ ይብስበታል ካላቸው ወዲህ…» ወሬዋን ዋጥ አደረገች። አለመስማቱ ገባት።

እሷ ስትወጣ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ሚስቱ ስለ ዓይኗ ለሱ ትንፍሽ አላለችም። ማሽኑ ከቤት ከወጣ ሴትዮዋ ምን ስትሠራ እንደምትውል ማሰብ አቃተው። በራሱ በገነ። አልጋው ሥር ተንበርክኮ ሣጥኑን ጎትቶ አወጣ።

ሚስቱ ስትመለስ ከፍሪጁ ሶኬት እስከ መስኮቱ ድረስ ሽቦ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ ግድግዳው ላይ መትቶ ጨርሷል። ዘንቢሏን እንደያዘች ቆማ አየችው። እሱ ወደ ብሬከሩ ሣጥን ሄዶ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበና ሦስተኛውን አወረደ።

«እሱ የወጥ ቤቱ ነው» አለችው። «የሳሎኑ አምስተኛው ነው።»

«ጽሑፉ የኔ ነው እኮ። ሦስት፣ ሳሎን ይላል።»

«ጽሑፉማ ያንተ ነው። አንተ ሰው ቤት ስትውል፣ ብሬከሩ በወረደ ቁጥር የማነሣው ግን እኔ ነኝ።»

ሰውዬው በሙያው አንድ ነገር አጥብቆ ይዟል፤ መብራት መኖር አለመኖሩን በቴስተር ሳያይ የማንንም ቃል አያምንም። የራሱንም ጭምር። ቴስተሩን የፍሪጁ ሶኬት ውስጥ ሲከተው ላዩ ላይ ያለችው ትንሿ አምፖል ቦግ አለች። ያን ጊዜ ትዝ አለው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የገባ ጊዜ መስመሮቹን ያቀያየረው ራሱ ነው፤ ወረቀቱን በኋላ አስተካክለዋለሁ ብሎ በዚያው ቀረ። ሰው ቤት ቢሆን እንዲህ አድርጎ አይወጣም። ሃያ ዓመት ሙሉ የቤቱን መስመር የምታውቀው እሷ ኖራለች።

ሦስተኛውን መልሶ አንሥቶ አምስተኛውን አወረደ። አምፖሏ ጠፋች። ቴስተሩ ራሱ እንዳይሆን ብሎ በመኝታ ቤቱ ሶኬት ሞከረው፤ ይሠራል። ተመልሶ ደገመው፤ ድርግም እንዳለ ነው።

አሮጌውን ሶኬት ፈታና አዲሶቹን ሽቦዎች በየቀለማቸው አገናኛቸው። መስኮቱ ሥር ሲደርስ ግን የአዲሱ ሶኬት ብሎኖች ኢምንት ናቸው፤ ካቻቢቴው እየተንሸራተተ አስቸገረው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከረ። ላብ አጠመቀው። ሚስቱ ዘንቢሏን አስቀምጣ አጠገቡ ተንበረከከችና ካቻቢቴውን ከእጁ ወሰደች።

«የቱ የት ይገባል?»

«ቡናማው በቀኝ፣ ሰማያዊው በግራ፣ ባለ ሁለት ቀለሙ መሐል። አጥብቂና ሳብ አድርገሽ እዪው።»

«ቁልፍ ከመትከል አይብስም» አለች። በመስኮቱ ብርሃን እያንዳንዷን ብሎን አጥርታ ታያለች።

ክዳኑን ገጠመች፣ ብሬከሩንም ያነሣችው እሷ ናት። ማሽኑን ሁለቱ እየገፉ አመጡት።

«ይሄ ብዙ አይበላም፣ መስመሩ ከፍሪጁ ጋር ይችለዋል» አለ። «ካውያ ግን እዚህ እንዳትሰኪ።»

«ኧረ እሺ፣ ጌታው።»

ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ዓይኗን አላጨናበሰችም። ትንሽ ሰፋችና በመስኮቱ ጎረቤቷን ተጣራች።

«አንቺ፣ ቅዳሜ ሰው ይዘሽ እንዳትለፊ። ማሽኑ የትም አይሄድም። የልጆቹን ልብስ ግን አምጪው፣ እኔ እሰፋልሻለሁ።»

ሰውዬው ካቻቢቴውን ከወለሉ አንሥቶ መስኮቱ ጋ ተገትሯል።

«ዕድሜ ልኬን የሰው ቤት ሳበራ አንቺን ጨለማ ውስጥ ጎለትኩሽ» አላት። «በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

እጇን ከጨርቁ ላይ አላነሣችም።

«ይቅር ያልኩህማ ድሮ ነው» አለችው። «አሁን ፈቀቅ በል፣ ብርሃኑን ጋረድክብኝ።»

ፈቀቅ አለ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጦ አይቷት አያውቅም ነበር።