ኖራ ያላደረቀው አፈር

በዚያ ዓመት ሥራዬ አፈር መንከር ነበር። ከጭሮ ወጣ ብሎ በሚሠራው መንገድ ዳር ቤተ ሙከራ ተብሎ በቆመ ኮንቴይነር ውስጥ ጥቁሩን አፈር ከኖራ ጋር እቀላቅላለሁ፤ ሞልድ በሚባለው የብረት ቅርጽ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ፤ አራት ቀን ውሃ ውስጥ አቆይቼ ምን ያህል እንዳበጠ እለካለሁ። ደህና ገረጋንቲ የሚገኘው ሩቅ ነው። እሱን በገልባጭ መኪና ማመላለስ ውድ ስለሆነ፣ እዚያው ያለውን አፈር በኖራ አጠንክረን ከአስፋልቱ ሥር እንድናነጥፈው ተወሰነ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ዝዬ ነበር። በማድረቂያው ምድጃና በጋለው ቆርቆሮ መሀል ውዬ ስወጣ ከሰው ጋር ማውራት እንኳን ይከብደኝ ነበር።

ኖራውን የሚበትኑት ከጭሮ የሚመጡ ሴቶች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ግሬደሩ ኖራውን ከአፈሩ ጋር አገላብጦ ሲያልፍ ያልተፈረከሰውን ጓል በዶማ ጀርባ እየመቱ ይሰብራሉ። ከመሀላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሙስሊም እናት ነበሩ። ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር ስለሚጠመጥሙት የሚታየው በኖራ የነጣው ቅንድባቸው ብቻ ነው። ጓንት ሲሰጣቸው ዶማው ያንሸራትተኛል ብለው ያወልቁታል፤ ጣቶቻቸው ተሰነጣጥቀው ነበር። አማርኛቸው ኦሮምኛ የተቀላቀለበት ነው፤ የሥራው ኃላፊ የሆነውን መሐንዲስም እኔንም "አንተ" ይላሉ።

አንድ የበጋ ቀን ናሙና ልወስድ ሄድኩ። መኪናው የቆመው ሜዳው ላይ ስለነበር እዚያው አጠገቡ ሦስት ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመርኩ። እሳቸው ሥራቸውን ትተው መጡ።

"እዚህ አይደለም፤ እዚያ ቆፍር" አሉኝ፣ በዶማቸው እጀታ መንገዱ ወደሚያልፍበት ተዳፋት ሥር እያመለከቱ። "እዚያ ቢሻን አለ። በክረምት ውሃው ከታች ነው የሚወጣው።"

ልጅ ሳሉ ከብት የሚያጠጡት እዚያ እንደነበር ነገሩኝ። አየሁት። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ችግር የለም፣ ኖራው ያደርቀዋል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከእኔ የሚጠበቀው ትንሽ በእግር መሄድ ብቻ ነበር። አልሄድኩም። ከሜዳው የወሰድኩት ናሙና ጥሩ ውጤት ሰጠ፤ ፈረምኩበት።

የተዳፋቱ ሥር የተነጠፈው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነበር። ኖራው ገና አፈሩን በደንብ ሳይዘው ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ጠጠር የጫነ መኪና እዚያው ቦታ ላይ ሰመጠ። ጎማው በከፈተው ቦይ ውስጥ ውሃ ከታች ቀስ እያለ ሲሞላ ቆሜ አየሁ።

መሐንዲሱ ሁላችንንም ሰበሰበንና እዚህ ውሃ እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ የያዝኩትን ወረቀት እያየሁ ዝም አልኩ። ሪፖርቱ ላይ "ያልታሰበ ውሃ" ተብሎ ተጻፈ።

የላሸቀው አፈር መውጣት ነበረበት። ማሽን ጭቃው ውስጥ መግባት ስላልቻለ ዳር ዳሩን ሴቶቹ በአካፋ ያወጡት ጀመር። ሳልፍ እሳቸው ቀና አሉ።

"ለመሐንዲሱ ነግረኸው ነበር?"

"አልነገርኩትም።"

"ለምን?"

"ደክሞኝ ነበር" አልኳቸው።

ቁጣ አላየሁባቸውም። "እኔም ደክሞኛል" አሉ። "ያነጠፍኩትን ነው መልሼ የማወጣው።" ከዚያ ጎንበስ ብለው አካፋቸውን ጭቃው ውስጥ ሰደዱት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መሐንዲሱ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ ዓይኑን ለረጅም ጊዜ አሸ፤ እሱም እንደኔው የዛለ ሰው ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ አሁን የት እንዳሉ ጠየቀኝና ተያይዘን ሄድን። እሳቸው ከመንገዱ በላይ ያለውን ተዳፋት ወጣ ወረድ ሲሉ ቆዩና አካፋቸውን አንድ ቦታ ተከሉ። "ከዚህ እስከዚያ ድንጋይ" አሉ። ስናስቆፍር ጉድጓዱ ጉልበት ሳይደርስ ውሃ ገባበት።

በዚያ መስመር በድንጋይ የተሞላ የውሃ መውረጃ ተሠራ። ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አፈርና ኖራ ተነጠፈ፤ እንዲጠነክር ሳምንት ሙሉ መኪና ሳይረግጠው ውሃ እየተረጨበት ቆየ። በቀጣዩ ዝናብ ንቅንቅ አላለም። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የሚገባኝ ነበር።

መሐንዲሱ ሴትዮዋን የሴቶቹ ካቦ አደረጋቸው። ብዙ አልቆዩበትም። የኖራው አቧራ ሳል ስላመጣባቸው መሰላ ወደምትኖረው ልጃቸው እንደሄዱ ጓደኞቻቸው ነገሩኝ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል ነበር።

አሁን የምሠራው ወደ ገለምሶ በኩል ነው። ጉድጓድ ከማስቆፈሬ በፊት የአካባቢውን ሰው ቦታው በክረምት ምን እንደሚመስል እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ስለ ወሰን ክርክሩ ያወራኛል፣ አንዳንዱ ስለ ጫቱ። ሁሉንም ሰምቼ እጽፋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚረባ ነገር አይገኝበትም።