የመጨረሻዋን ቁራሽ ማን ያንሣ

ቨርሊን ሃውግስታድ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ሆኖ ኖረ። የተቃጠለ ጎተራ፣ ውሃ የገባበት ምድር ቤት፣ በረዶ የደረመሰው ጣራ እያየ ሲገምት ሸመገለና ጡረታ ወጣ። ጡረታው ግን አላሳረፈውም፤ መምህር ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ በራሱ ምድር ቤት ካሜራ ፊት ይቀመጥና፣ የጠረጴዛ ጨዋታ መሥራት ለሚፈልጉ ጀማሪዎች በኢንተርኔት ያስተምራል።

ጥሩ መምህር ነበር። «የመጀመሪያው ጨዋታችሁ መጥፎ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ ቶሎ ጨርሱት» ይላል። «ለማያውቋችሁ ሰዎች ስጡት። ለሚስታችሁ አትስጡ፤ ሚስት ትወዳችኋለች፣ ፍቅር ደግሞ ፈተና አይሆንም። ሲጫወቱ እጃችሁን ከጭናችሁ ሥር አድርጉና አፋችሁን ዝጉ። ሕጉን ልታስረዱ የጨዋታው ሣጥን ውስጥ ገብታችሁ ከገዢው ጋር ቤቱ ድረስ አትሄዱም።» ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ በትጋት ይጽፉ ነበር።

የራሱን ጨዋታ ግን ከጀመረው ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ስሙ «የምድር ቤት ማዕድ» ነው። ሁሉም ከየቤቱ ምግብ ይዞ በሚመጣበት፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በሚበላ ምሳ ላይ፣ ተጫዋቾች በየተራ ከመካከለኛው ሳህን ቁራሽ ያነሣሉ። ቁራሾቹን ቨርሊን ራሱ ከበርች እንጨት ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሷቸዋል። አንድ ነገር የጎደለ ሲመስለው ሕግ ይጨምራል፤ የተጨመረው ሕግ ሲበዛበት ደግሞ እሱን የሚያቃልል ሌላ ሕግ ይጨምራል፤ ጨው የበዛበትን ወጥ በውሃ፣ ውሃ የበዛበትን በጨው እንደሚያርም ሰው። የሠርግ ካርታ ገባ፣ የቀብር ካርታ ገባ፣ መንገድ የሚዘጋ በረዶ ገባ። በዚህ ሁሉ ዓመት የተጫወተችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ሚስቱ ማርሊስ።

አንድ ማክሰኞ ከነብራስካ የምትማረው ሻና እጇን አወጣች። «መምህር፣ የእርስዎን ጨዋታ መቼ ነው የምናየው?»

«በቅርቡ» አለ ቨርሊን።

«አምና የተማረችውን እህቴንም በቅርቡ ብለዋት ነበር።»

ማምለጫ አልነበረም። ከከተማው ድልድይ ማዶ አነስተኛ የጨዋታ ማሳተሚያ ላላት ለኮሬታ ፕሪቢል ደወለ፤ እሷም ራሷ ተጫውታ ልታይለት ቃል ገባች። ከወሰደችው፣ ጨዋታ ሠሪ ይባላል። ካልወሰደችው፣ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ይህንንም ተማሪዎቹ ሁሉ በካሜራ በቀጥታ ያዩታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የስብሰባ ክፍል ተገናኙ። ከኮሬታ ጋር ሁለት ሰዎች ተቀመጡ፤ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ዱዌይንና ነርሷ ሎሪ። ቨርሊን ኮምፒውተሩን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ከጭኑ ሥር ከተተ።

አጀማመሩ መልካም ነበር። ሳህኑ ላይ ያለው እንጨት በፍጥነት ተነሣ፤ ሎሪ ሁለት ጊዜ ሳቀች፤ ኮሬታም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ከዚያ አንዲት ቁራሽ ቀረች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዙሩ የሚያበቃው ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው።

ዱዌይን ቁራሿን ገረፍ አድርጎ አያትና ዓይኑን ሰበረ። «እኔ ቡና እቀዳለሁ» አለ። በጨዋታው ቡና መቅዳት ተራን ማሳለፍ ነው።

«እኔም ቡና» አለች ሎሪ። «ኧረ አንተ ውሰዳት ዱዌይን፣ እጅህ ላይ ምንም የለም።»

«ጠግቤያለሁ።»

«ምኑን ነው የጠገብከው? እንጨት እኮ ነው!»

«እንጨትም ቢሆን። እርስዎ ያንሡ እንጂ ወይዘሮ ኮሬታ።»

«እኔ እንግዳ ነኝ» አለች ኮሬታ። «እንግዳ የመጨረሻዋን ሲያነሣ የት አይተሃል?»

ሦስቱም ቡና ቀዱ። እንደገና ቀዱ። ቨርሊን ጥግ ላይ ሆኖ ላብ አጠመቀው። ቤት ውስጥ ይህ ደርሶበት አያውቅም፤ ማርሊስ የመጨረሻዋን ቁራሽ ላፍ ታደርግ ነበር፤ እሱም ምን ዓይነት ጨካኝ ተጫዋች አገባሁ እያለ በልቡ ይኮራባት ነበር።

ሎሪ ተስፋ አድርጋ ካርታ ሳበች። ቀብር ወጣ።

«በቃ» አለ ዱዌይን። «ለቀስተኛ እያየማ ጭራሽ አይነሣም።»

ሠርግ ሲወጣ ለሙሽሮቹ ትቆይ ተባለ። በረዶ ሲወጣ ደግሞ መንገድ ላይ ለቀሩት። ቨርሊን በዘጠኝ ዓመት የጨመረው ካርታ ሁሉ ላለማንሣት ምክንያት ሆኖ ቁጭ አለ።

«ግማሿን መውሰድ ይከለከላል?» ሲል ጠየቀ ዱዌይን።

ሎሪ መመሪያውን እያገላበጠች ፈለገች። «አይከለክልም። አይፈቅድምም።»

ዱዌይን ከኪሱ ሰንጢ አወጣና ያቺን የለሰለሰች የበርች ቁራሽ ለሁለት ሰነጠቃት። ግማሿን በደስታ አነሣ። ሎሪም የቀረችውን ግማሽ አሰነጠቀችና ሩቧን ወሰደች። ኮሬታ የሩቡን እኩሌታ ወሰደች። ቨርሊን ከንፈሩን ነከሰ።

«መምህር» አለች ሻና ከኮምፒውተሩ ውስጥ፣ «አሁን የምንማረው ምንድን ነው?»

ቨርሊን ጣቱን ከጭኑ ሥር መዝዞ ወደ ተዘጋ አፉ ጠቆመ።

ሳህኑ ላይ ስንጥር የምታህል ነገር ቀርታ ዱዌይን እንደገና ሰንጢውን ሲስል፣ ማርሊስ ባሏን ልትወስድ ካፖርቷን እንደ ለበሰች ገባች።

«አላለቀም እንዴ?»

«የመጀመሪያው ሳህን ላይ ነን» አለች ኮሬታ።

ማርሊስ ሳህኑን አየች፤ ባሏን አየች። እጇን ዘረጋችና ስንጥሯን አነሣቻት። «ይኸው፣ አለቀ። ኮትህን ልበስ።»

 ከዚያ ሎሪ አፏን በእጇ ይዛ ትንፈቀፈቅ ጀመር። «እንዴት ደፈርሽ!» አለ ዱዌይን፤ እሱም ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ኮሬታ ጠረጴዛውን መታች፤ ከኮምፒውተሩም የተማሪዎቹ ሳቅ ተንጫጫ።

ቨርሊን ብቻ አልሳቀም። «ማርሊስ፣ ቤት የመጨረሻዋን የምታነሺው ለማሸነፍ አልነበረም?»

«እንዲያልቅልኝ ነዋ! ማን አሸነፈ ብዬ ጠይቄህ አውቃለሁ?»

ኮሬታ ዓይኗን ጠረገች። «ስማኝ ቨርሊን። ሠርጉን፣ ቀብሩን፣ በረዶውን አውጣልኝ። ሳህኑንና የመጨረሻዋን ቁራሽ ብቻ ተውልኝ። ያነሣ ሰው ዙሩን ይዘጋል፣ ነጥቡንም ይወስዳል፤ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነው። እሱን ብቻ አሳትምልሃለሁ።»

«በረዶው እኮ» አለ ቨርሊን፣ አሁን አፉ ተፈትቶ፣ «በረዶው የገባው ሠርጉን ለማመጣጠን ነው፤ ሠርጉ ደግሞ ከቀብሩ ጋር ሲታይ…»

«መምህር፣ ይሄ ማብራሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል?» አለች ሻና።

ቨርሊን የተቃጠለ ቤት ፊት ቆሞ ምን እንደ ተረፈ የሚያይ ገማች መስሎ ካርታዎቹን ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ቀብሩ ብቻ ይቆይ?»

«ቀብሩም ይሂድ» አለች ኮሬታ።

«ይሂድ» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መሪውን የያዘችው ማርሊስ ነበረች። ቨርሊን ካርታዎቹን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ነበር። ድልድዩ ሲታይ ወደ እሷ ዞረ። «ሣጥኑ ላይ የሁለታችን ስም ነው የሚጻፈው። ጨዋታውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ።»

ማርሊስ መኪናዋን ዳር ይዛ አቆመች። «የኔን ስም? የመጨረሻዋን የምታነሣ ሴት ተብዬ እሑድ በምን ፊቴ ነው ቤተ ክርስቲያን የምገባው?»

«እውነቱ ግን ይሄ ነው።»

«እውነቱን አንተ ተሸከመው። ጨዋታ ሠሪ ልሁን ያልከው አንተ ነህ።»

ጨዋታው በቨርሊን ስም ብቻ ታተመ። የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን ገዝተው ተጫወቱት፤ እየሳቁም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳህን ላይ አንዲት የሎሚ ኬክ ቁራሽ ስትቀር፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ቨርሊንን ይመለከታል። እሱም ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ለሙያው ክብር ሲል፣ ያነሣታል። ማርሊስ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና፣ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ፣ በመገረም ራሷን ትነቀንቃለች።