አባቴ የጠየቀኝ ኮርቻ

እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋ ከመግባቱ በፊት ኮርቻ ነበረ። ቤታችን አምቦ ውስጥ ከአስፋልቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ የጭቃ ቤት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ወፋፍራም የባሕር ዛፍ እንጨቶች ተተክለዋል፤ ኮርቻው እነሱ ላይ ተቀምጦ የሚገባውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ሌላው ሰው ግድግዳው ላይ የልጁን የምረቃ ፎቶ ይሰቅላል። አባቴ ግን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ኮርቻውን ነበር። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ከመጣሁ በኋላም ተራው አልተለወጠም።

አባቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። የሥራ ዘመኑን በሙሉ የመድኃኒት ሳጥኑን ጭኖ ወደ ወንጪ ሲወጣ፣ ወደ ጌዶ ሲሻገር በፈረስ ላይ ኖሯል። በእኛ አገር የተከበረ ፈረሰኛ በራሱ ስም አይጠራም፤ በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ይባላል። አባቴንም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካልሆነ በቀር ማንም በስሙ ጠርቶት አያውቅም። እናቴ ሳትቀር፣ ነፍሷን ይማርና፣ በፈረሱ ስም ነበር የምትጠራው።

ጡረታ ወጥቶ፣ ፈረሱም አርጅቶ ከሞተ በኋላ ሌላ ፈረስ አልገዛም። ኮርቻውን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያወርደዋል። ቆዳውን ቅቤ ይቀባል፣ የእርካቡን ብረት በአመድ ይፈትጋል። የግራው እርካብ ጠፍር አንድ ጊዜ ጌዶ ገበያ ላይ ተበጥሶበት፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ሰማያዊ ማንገቻ ቆርጦ እዚያው በእጁ ሰፍቶታል። ቆዳ ሠሪ እንዲያስተካክለው ብዙ ሰው ቢመክረውም አሻፈረኝ አለ። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ እሱ ግን ይኮራበታል።

ያ ኮርቻ ላይ ማንም አይቀመጥም። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ዱካ አስጠግቼ ልወጣበት ስል ያዘኝ። እንደሚመታኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አልመታኝም። ከዱካው ላይ አንስቶ መሬት አቆመኝና «ያንተ ቀን አለ» አለኝ።

ቀኔ የትኛው እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ አወቅኩ። በአባቴ ወገኖች ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ከአስከሬኑ ፊት እየተሳበ ይሄዳል። ፈረስ ከሌለው ወዳጁ ፈረስ ያመጣለታል፤ ይህ ነውር የለውም። ኮርቻው ግን የግድ የሟቹ መሆን አለበት። በሌላ ሰው ኮርቻ ማልቀስ በሕይወት ያለውን ባለቤቱን መቅበር ነው ብለው ይፈራሉ። ከቀብር ሲመለሱ ደግሞ የበኩር ልጅ የአባቱ ኮርቻ ላይ ይወጣና እስከ ቤቱ ደጅ ድረስ ተቀምጦ ይመጣል። ያን ጊዜ ለቀስተኛው አባትየው ሰው ተክቶ እንደሄደ ያያል። ለአባቴ የበኩር ልጁም የመጨረሻ ልጁም እኔው ነኝ።

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሄድኩ። አራት ዓመት እዚያ ሠርቼ ወደ አምቦ ስዛወር ይዤው የመጣሁት ጠባብ ሱሪና የተነፋ አፍንጫ ነበር። ማኪያቶው አይጥመኝም፣ ፀጉር አስተካካዩ አይገባውም፣ ባጃጁ ያቅለሸልሸኛል። ከተማውም ቢሆን ከኔ አይሻልም ነበር። አዲስ የሚከፈተው ካፌ ሁሉ ስሙን ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ይበደራል፤ ከጉደር የሚመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ አዲስ አበባ ያሉ ለመምሰል እዚያ ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። አባቴ ይህን ሲያይ ይስቃል። «አዲስ አበባ በእኛ ውሃ እያገሳ ነው የሚኖረው፤ እናንተ ደግሞ እሱን ልትመስሉ ትሞታላችሁ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ከመሬታችን የሚፈላውን ውሃ የማይጠጣ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ያኔ ግን እንደ ሽማግሌ ወግ ሰምቼ አለፍኩት።

ያጨኋት ልጅ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ሠርጉ አምቦ፣ እኛ ቤት እንዲሆን ሁለታችንም ተስማማን። ቀኑ ሲቃረብ ግን በቤታችን ማፈር ጀመርኩ። ቤተሰቦቿ በዚያ በር ሲገቡ፣ ከፊት ለፊታቸው ያን የፈረስ ላብና የቅቤ ሽታ የማይለቀው ኮርቻ ሲያዩ ታየኝ። የገጠር ሰው አገባች ሲሉ በጆሮዬ የሰማሁ ያህል ነበር። እሷ ስለ ኮርቻው አንድ ቃል አልተናገረችም። ሁሉንም ያወራነው እኔና እኔ ነን።

ለዲኮር አንድ ሰው ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ነጭ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ አበባና የንጉሥ ወንበር ጭኖ መጣ። ሳሎኑን በነጭ ጨርቅ ሲያለብስ ኮርቻው ላይ ሲደርስ ቆመና ዳሰሰው። «ይሄ እኮ ኦሪጅናል ነው!» አለ። ሰውዬው መግቢያው ላይ አበባ ሞልቶበት ለጌጥ እንዲያቆመው እንዲፈቅድልኝ አባቴን ለመንኩት። አባቴ ትንሽ አሰበና «ለሠርግህ ከሆነ ይሁን፤ ማንም እንዳይቀመጥበት ብቻ» አለ። ራሱ ከግድግዳው አውርዶ፣ ራሱ ተሸክሞ በር ላይ አደረሰው።

በሠርጉ ማግስት ሰውዬው ዕቃውን ሲጭን ወደ ጎን ጠራኝ። «ይሄን ነገር ለኔ አትሰጠኝም? አዲስ አበባ ቢሆን እኮ ሰው ይረባረብበታል» አለኝ። ብቻ አዲስ አበባ የእኛን ነገር ወደደልኝ ብዬ ደስ አለኝ! ሽታው፣ እንጨቶቹ፣ የአባቴ ቅዳሜዎች፣ ሁሉም ከሳሎኔ ጠቅልለው ሊወጡልኝ ነው። «ውሰደው፣ ምን ችግር አለ» አልኩት። መኪናው ላይ ሲጭነውም አገዝኩት።

ለአባቴ «ቆዳውን አሳድሰው ይመልሱታል» አልኩት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው ያልኩት። አባቴ ማደስ የሚለው ቃል ደስ አላለውም፤ «ሰማያዊውን እንዳይነኩ ንገራቸው» አለኝ። እንደነገርኳቸው ነገርኩት።

ከጫጉላ ስንመለስ ባለቤቴ አባቴን ለመጠየቅ ቤቱ ገብታ ባዶዎቹን እንጨቶች አየች። «ያ የሚያምረው ኮርቻ የት ሄደ?» አለችኝ። ለቤተሰቦቿ ፎቶውን ልካላቸው እናቷ ሲያደንቁት እንደሰነበቱ የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ምን ልበላት? እየታደሰ ነው አልኳት።

እኛ እዚያው አምቦ ቤት ተከራይተን ስለነበር አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። ቅዳሜ የኮርቻው ቀን ስለሆነ እጁ ሥራ ያጣል መሰለኝ። ጤና ይጠይቅና «ኮርቻው አልመጣም?» ይለኛል። መንገድ ተዘግቷል እላለሁ፤ አንዳንዴ እውነትም ይዘጋ ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ ሰውዬውን ላገኘው አልቻልኩም እላለሁ፤ ኔትወርኩም ይጠፋ ነበር። የዘመኑ ችግር ሁሉ ለውሸቴ አጋዥ ሆነልኝ። አንድ ጊዜ የምሬን ደውዬ ሰውዬውን አገኘሁት። ለአንድ የባህል ምግብ ቤት እንደሰጠው ነገረኝ። የምግብ ቤቱን ስም ጠይቄው ነገረኝ፤ እኔ ግን ሰጥቼ ሲያበቃ መልሱልኝ ብሎ መለመኑ ከበደኝ። አዲስ አበባ ፊት እንደ ባላገር መታየት ሞት መሰለኝ።

ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አባቴ ደወለ፣ እኔን ጠየቀ፣ ባለቤቴን ጠየቀ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ስለ ኮርቻው አላነሳም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አላነሳም። እፎይ አልኩ። ከውሸቴ ሁሉ ይልቅ ዛሬ ላይ አንገቴን የሚያስደፋኝ ያቺ እፎይታ ናት። የረሳው መስሎኝ ነበር። አባት ልጁን ከመዋሸት ሊያሳርፈው ሲል ዝም እንደሚል ያኔ አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም።

ክረምቱ ሲወጣ ሞተ። ብዙም አልታመመም።

የእድሩ ድንኳን ከተተከለ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ የአባቴ የልብ ወዳጅ ከወንጪ በኩል ደረሱ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ ነው የመጡት። የፈረሱን አንገትና ግንባር በቀይ ክር ዘርፍ ሸልመውታል። ጀርባው ግን ባዶ ነው። ለአባቴ ኮርቻ ባዶ አድርገው ነው ያመጡት። ድንኳኑ በር ላይ ቆመው አለቀሱ፣ እኔን አቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ሳሎኑ ገቡ። ሁለቱን እንጨቶች አይተው ተመለሱ።

«ኮራን ኤሳ ጅራ?» አሉኝ። ኮርቻው የት አለ ማለታቸው ነው።

ኦሮምኛውም አማርኛውም ጠፍቶኝ ቆምኩ። «አዲስ አበባ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«ፊንፊኔ?» አሉ። «ኮርቻ ፊንፊኔ ምን ይሠራል?»

የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። እውነት ስላልገባቸው ነው የጠየቁኝ። አንድ ጎረቤት የራሱን ኮርቻ ሊያመጣ ተነሳ፤ ሽማግሌው በእጃቸው መለሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጋቢውን አምጣ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። አሁንም ልጄ ነው ያሉኝ። አባቴ የሚለብሰውን ጋቢ ከአልጋው ላይ አንስቼ ሰጠኋቸው። አራት አጥፈው የፈረሱ ጀርባ ላይ አነጠፉት፤ በሆዱ ዙሪያ በገመድ አሰሩት። ፈረሱ አባቴን እንዲያ አድርጎ ሸኘው። አስፋልቱን ስንሻገር ባጃጆቹ ሁሉ ቆሙ፤ አሽከርካሪዎቹ ወርደው ቆባቸውን አወለቁ። ከተማዬ ያን ቀን ለአባቴ የሚገባውን አደረገ። ያላደረግኩት እኔ ነኝ።

ከቀብር ስንመለስ ሰዉ ሁሉ እኔን ያይ ነበር። ሽማግሌው ልጓሙን እንደያዙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ጋቢ ላይ አይወጣም። በእግርህ ና» አሉኝ ቀስ ብለው። ከቤተክርስቲያኑ እስከ ቤታችን ደጅ ድረስ ከፈረሱ ኋላ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ሕፃን ልጅ ይሄደዋል። እኔ ግን እንደዚያ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

አርባው ካለፈ በኋላ ኮርቻውን ለምኜ ላመጣ አዲስ አበባ ሄድኩ። ልመናው አሁን አልከበደኝም። ምግብ ቤቱን አላጣሁትም። ከበሩ ስገባ ጥግ ላይ ቀይ መብራት በርቶበት አየሁት። በርሜል ላይ ጭነውታል። ቆዳውን ቫርኒሽ ቀብተውት እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫል። የግራው እርካብ ግን ያው ነው፤ ሰማያዊው ማንገቻ፣ ጠማማው ስፌት። እንዳይነኩት ንገራቸው ያለኝን ሳልነግራቸው ሳይነኩት ቀርተዋል። ለአስተናጋጁ የምግብ ቤቱን ባለቤት ማግኘት እንደምፈልግ ነገርኩት፤ አሁን ይመጣል ብሎ ከኮርቻው አጠገብ አስቀመጠኝ።

ወጣቶች ተሰልፈው ተራ በተራ ይወጡበታል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። ማንም እንዳይቀመጥበት ብቻ፣ ነበር ያለው። አንዲት ልጅ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ወንድሜ፣ አንዴ ታነሳን?» አለች። ከጓደኛዋ ጋር አነሳኋቸው። ስልኳን ስመልስላት ብቻዬን መሆኔን አየችና «አንተስ? ውጣ እንጂ፣ ላንሳህ» ብላ የኔን ስልክ ተቀበለችኝ።

ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። እግሬን እርካቡ ውስጥ ከተትኩ። የእርካቡ ርዝመት በአባቴ እግር ልክ ነበር፤ ለኔም ልክ ሆነልኝ። እጄን ፊት ለፊት ያለው ቆዳ ላይ አሳረፍኩ፤ ቅቤ ቅቤ ሳይሆን ቀለም ቀለም ይሸታል። ከኋላዬ ሰልፉ ይጠብቃል።

«ኧረ ሳቅ በል!» አለችኝ ልጅቱ።

ባለቤቱን ሳልጠብቅ ወጣሁ። ኮርቻውን ይዤ ብመለስ የምጭንበት ቀን የለኝም፤ ያ ቀን አልፏል። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። የአባቴ ኮርቻ ላይ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ስቄያለሁ።